የማንዴቪሉ ኮሌጅና የሻይ ቤቱ ጥያቄ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከዚራ ውስጥ በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ አራት ሆነን ተቀምጠን ነበር። የቀኑ ሙቀት ገና አልበረደም። ከመካከላችን አንዱ የምሕንድስና ተማሪ፣ ለፈተና የሚያጠናውን የአንትሮፖሎጂ ጥራዝ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገና «እኔ የመጣሁት ድልድይ መሥራት ልማር ነው፤ ይህ ምን ያደርግልኛል?» ሲል ጠየቀ። አንዱ «ለማለፊያ ውጤት ነዋ!» አለው። ሌላው «ለመምህሩ እንጀራ ነው» ብሎ አሳቀን። ቁም ነገር የመለሰለት ግን አልነበረም። እኔም ሻዬን እየጠጣሁ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ ስለ ሰነበተ፣ ይህን ጽሑፍ የዘገየ መልስ አድርጌ አቅርቤዋለሁ።

ጥያቄው የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ወደ ሙያው ከመዝለቁ በፊት የጋራ ትምህርቶች ይወስዳል። እነዚህም ሎጂክ፣ ሥነ ልቡና፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊና ታሪክ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ሥነ ምግባርና ዜግነት፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የመሳሰሉት ናቸው። ብዙዎቻችን ይህን ዓመት እንደ ኬላ እንቈጥረዋለን። የድሬዳዋ ሰው ደግሞ ኬላ ምን እንደ ሆነ ነጋሪ አያሻውም፤ ተፈትሾ፣ ቀረጥ ከፍሎ፣ ቶሎ የሚያልፉት እንጂ የሚሰነብቱበት ቦታ አይደለም።

እኔ መልሱን ስፈልግ የደረስኩት ሩቅ አገር ነው፤ ጃማይካ ደሴት፣ ማንዴቪል በምትባል ከተማ ያለ አንድ የክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ። ይህ ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ነው። እኛ ኬላ ያልነውን ሰፊ ትምህርት እርሱ ቤቱ አድርጎ የያዘ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ማወቅ የራሳችንን ነገር እንድናይ ይረዳናል ብዬ አምናለሁ። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

የሩቅ ዘመድ

«ጃማይካን ምን አመጣት?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ካሪቢያን ለድሬዳዋ የሚመስለንን ያህል ባዕድ አይደለችም። ከተማችን የተቈረቈረችው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ በደረሰ ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አጥሮት ሐዲዱ እዚሁ ቆሞ ነበር። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሥራው ወደ አዲስ አበባ እንዲቀጥል አዲስ ውል ሲሰጡ፣ ውሉን የሰጡት በዶክተር ቪታሊየን ስም ነበር። እኚህ ሰው ከጓደሉፕ የመጡ ጥቁር ሐኪም ነበሩ። ቀደም ብለውም በሐረር በራስ መኰንን ዘንድ ሲሠሩ፣ ለልጅ ተፈሪ ፈረንሳይኛ ካስጀመሩት መምህራን አንዱ እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ ከካሪቢያን የመጣ አስተማሪ ሐረር ድረስ ከደረሰ፣ እኛም በሐሳብ እስከ ጃማይካ ብንሄድ ብድር መመለስ እንጂ ከመንገድ መውጣት አይሆንም።

«የነጻ ሰው ጥበብ»

ማንዴቪል ከመድረሳችን በፊት አንድ ቃል እንፍታ። የዚህ ዓይነት ዩኒቨርሲቲ «ሊበራል አርትስ» ያስተምራል ይባላል። ስሙ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙም «ለነጻ ሰው የሚገባ ጥበብ» ማለት ነው። በጥንቱ የአውሮፓ ትምህርት ቤት እነዚህ ጥበቦች ሰባት ነበሩ፤ ሰዋስው፣ የንግግር ጥበብ፣ ሎጂክ፣ ቍጥር፣ ጂኦሜትሪ፣ ሙዚቃና የከዋክብት ትምህርት። ባሪያው አንድ ሥራ ብቻ ይማራል፤ ጌታው ግን ስለ ሁሉም ያስባል፤ ስለዚህ ሁሉን ይማራል። የቃሉ መነሻ ይህ ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ልጁ ከንባብ ወደ ዜማ፣ ከዜማ ወደ ቅኔ፣ ከቅኔ ወደ ትርጓሜ መጻሕፍት ይወጣል። ባሕረ ሐሳብ ሲማር የበዓላትን ቀን ለማወቅ የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት ያሰላል። ቅኔ ቤት የገባ ሁሉ ባለቅኔ ሆኖ ይቀራል ያለ የለም፤ ነገር ግን አንድ ቃል ሰምና ወርቅ እንዳለው ያወቀ ሰው፣ ዳኛም ሆነ ነጋዴ ቢሆን፣ በቀላሉ አይታለልም። በቅርባችን በሐረር የኖረው የእስልምና ትምህርትም እንዲሁ ከቁርዓን ንባብ ጀምሮ በዐረብኛ ሰዋስው በኩል ወደ ሕግ የሚያወጣ መሰላል ነው።

ነገር ግን «የነጻ ሰው ጥበብ» የሚለው ቃል በካሪቢያን ሲነገር ሌላ ክብደት አለው። በዚያ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ከአፍሪካ በሰንሰለት ተወስዶ ለስኳር እርሻ የተሸጠ ሕዝብ ልጅ ነውና።

ሁለት ኮሌጆች

በካሪቢያን የክርስቲያን ኮሌጅ ታሪክ የሚጀምረው ከሚያሳፍር ነገር ነው። ክሪስቶፈር ኮድሪንግተን የሚባል ባለርስት በ1710 ሲሞት፣ በባርቤዶስ ደሴት የነበሩትን ሁለት የሸንኮራ እርሻዎች ኮሌጅ እንዲተከልባቸው ለእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የወንጌል ማስፋፊያ ማኅበር ተናዘዘ። ከመሬቱ ጋር ባሮቹም ተላለፉ። ማኅበሩ ባሪያዎቹን የራሱ ንብረት መሆናቸው እንዲታወቅ በጋለ ብረት ደረታቸው ላይ «ሶሳይቲ»፣ ማለት «ማኅበር»፣ የሚል ምልክት አስተኵሶባቸው ነበር። ትምህርት ቤቱ በ1745 ተከፈተ፤ በመጀመሪያ የተማሩበትም የባለርስቶቹ ልጆች ነበሩ። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ስለ ባሪያ ንግድ ተካፋይነቷ ይቅርታ የጠየቀችው በ2006 ነው። እንግዲህ አንድ ኮሌጅ «ክርስቲያን» ተብሎ ስለ ተሰየመ ብቻ ጽድቅ አይሆንም። በውስጡ ማን ይማራል? ወጪውንስ የሚሸከመው የማን ጫንቃ ነው? ብሎ መጠየቅ ይገባል።

በእንግሊዝ ግዛቶች ባርነት በ1834 በሕግ ተሻረ፤ ፍጹሙ ነጻነት የመጣው ግን በ1838 ነው። ነጻ የወጣው ሕዝብ ከሁሉ በፊት የጠየቀው መሬትና ትምህርት ነበር። በጃማይካ የማይኮ መምህራን ማሠልጠኛ በ1836፣ የባፕቲስቶች የካላባር ኮሌጅ በ1843 ተከፈቱ። እነዚህ መምህራንንና ሰባኪዎችን አፈሩ። ሙሉ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የፈለገ ግን ባሕር ማቋረጥ ነበረበት። መንግሥት የዌስት ኢንዲስን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በጃማይካ፣ በሞና የከፈተው በ1948 ነው፤ ይኸውም በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተው ከእኛ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥቂት ብቻ ቀደም ብሎ መሆኑ ነው።

ከሞና 41 ዓመት በፊት፣ በ1907፣ የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ቦግ ዎክ በሚባል ስፍራ አንድ ትንሽ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ጀመረች። ትምህርት ቤቱ ለጊዜው ተዘጋ። በ1919 በደጋማዋ ማንዴቪል እንደ ገና ተከፈተ። ማንዴቪል ለቆላው ሰው፣ ለእኛ ሐረርና ሐሮማያ እንደ ሆኑት፣ ከሙቀት ማረፊያ ናት። በ1959 ዌስት ኢንዲስ ኮሌጅ ተባለ፤ በ1999 ኖርዘርን ካሪቢያን ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከትንሽ ማሠልጠኛ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ እስኪባል 92 ዓመት ፈጅቷል። እኛ በአንድ ዐዋጅ ዩኒቨርሲቲ ሲቈረቈር የለመድን ሰዎች ይህን ቍጥር ልብ ልንለው ይገባል።

እጅና ራስ

የዚህ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ከጥንት ጀምሮ የሚታወቁበት አንድ ሐሳብ አለ። ይኸውም ትምህርት የአእምሮ ብቻ ሳይሆን የአካልና የመንፈስም መታነጽ ነው የሚል ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ሲተክሉ ከክፍሉ ጎን እርሻና የእጅ ሥራ ቤት ይተክላሉ። ተማሪው ግማሹን ቀን መጽሐፍ ይዞ፣ ግማሹን ዶማ ይዞ ይውላል፤ የሥራው ዋጋም ከትምህርት ክፍያው ይታሰብለታል።

ይህ ነገር በጥቁር ሕዝብ መካከል ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። በአሜሪካ ቡከር ዋሽንግተን በ1881 በከፈተው በተስኪጊ ትምህርት ቤት፣ ጥቁሩ በመጀመሪያ ሙያና ንብረት ይያዝ፤ ሌላው ኋላ ይመጣል ይል ነበር። ዱ ቦይስ ደግሞ በ1903 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለጥቁሩ የእጅ ሥራን ብቻ ማስተማር እንደ ገና ለሌላ ሰው ትእዛዝ ማዘጋጀት ነው፤ ከፍተኛውን ዕውቀት የሚሸከሙ ሰዎች ያስፈልጉናል ብሎ ተቃወመው። የጃማይካው ማርከስ ጋርቬይ በ1914 በኪንግስተን ማኅበሩን ሲመሠርት፣ እንደ ተስኪጊ ያለ ትምህርት ቤት በደሴቱ እንዲቋቋም ይመኝ ነበር።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ግማሽ እውነት ይዘዋል። እጅን ብቻ ማሠልጠን ሰውን መሣሪያ ያደርገዋል፤ መሣሪያ ደግሞ የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። ራስን ብቻ ማሠልጠን ደግሞ ከእናቱ ጓሮ አረም መንቀል የሚያፍር ምሁር ያወጣል። በማንዴቪል የተተከለው ሐሳብ የሚያስመሰግነው ሁለቱን ሳይነጣጥል በአንድ ተማሪ ላይ ለማዋል በመሞከሩ ነው። ለባሪያ ልጅ የልጅ ልጅ ሎጂክና ታሪክ ማስተማር፣ አያቱ የተከለከለውን «የነጻ ሰው ጥበብ» ማስረከብ ነበር። እዚያ ሰፊው ትምህርት ኬላ አልነበረም፤ ርስት ነበር።

የቤቱ ሕግና የቤቱ ዕዳ

እንዲህ ያለ ዩኒቨርሲቲ እንዴት ይተዳደራል? ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን ናት። ነርስም ሆነ ሒሳብ ሠራተኛ ሊሆን የመጣ ተማሪ ከሙያው ትምህርት ጋር ሥነ ጽሑፍ፣ ታሪክ፣ ሳይንስና የሃይማኖት ትምህርት ይወስዳል። ዐርብ ፀሐይ ከጠለቀች ጀምሮ ቅዳሜ ፀሐይ እስክትጠልቅ ሰንበት ነው፤ ክፍሉ ሁሉ ይዘጋል። ቀዳሚት ሰንበትን ማክበር ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፤ በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወስኗልና። በሌላ እምነት ያለ ተማሪም ይገባል፤ ነገር ግን የቤቱን ሥርዓት አክብሮ መኖር አለበት።

ዕዳውንም መሸሸግ አይገባም። የግል ስለ ሆነ ዋነኛ መተዳደሪያው ተማሪው የሚከፍለው ገንዘብ ነው፤ ደኻው ተማሪ በበጎ አድራጊና በጕልበቱ ካልተረዳ በር ላይ ይቀራል። ባለቤቱ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነች ደግሞ መምህሩ በሃይማኖቱ ትምህርት ላይ የሚያነሣው ጥያቄ ወሰን አለው። ዩኒቨርሲቲ ጥያቄ የሚጠየቅበት ቤት ከሆነ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በእኛ አገር

የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት በአገራችንም አለ። ይኸው ቤተ ክርስቲያን በሻሸመኔ አቅራቢያ በኩየራ በ1947 የጀመረችው ትምህርት ቤት ዛሬ የኢትዮጵያ አድቬንቲስት ኮሌጅ ይባላል። አጋጣሚው የሚገርም ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ በ1948 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባዕድ አገር ለሚኖሩ ጥቁሮች መሬት የሰጡት በዚያው በሻሸመኔ ሲሆን፣ ኋላ ከጃማይካ የመጡ ራስ ተፈሪያውያን ሰፍረውበታል። በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ጃማይካን ጐብኝተዋል። ስለዚህ በማንዴቪልና በኩየራ አንድ ሐሳብ ተተክሏል፤ ከኩየራ እልፍ ሲሉ ደግሞ የጃማይካ ልጆች ይገኛሉ።

ሌላው ምሳሌ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ የመንግሥት ሲሆን የመጀመሪያው መሪ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል አባ ሉሲየን ማት ነበሩ። በ17ኛው መቶ ዓመት ይኸው ማኅበር በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ያስነሣው የሃይማኖት ጠብ ደም አፋሶ፣ ዐፄ ፋሲለደስ ከአገር አስወጥተውት እንደ ነበር ይታወቃል። ይህ ትዝታ ስላለ ካናዳውያኑ የመጡት የቀሳውስት ልብስ ሳይለብሱና ሃይማኖታቸውን ሳይሰብኩ እንዲያስተምሩ ነበር። እነርሱ ባቆሙት ሥርዓት ሥነ ጽሑፍ፣ ፍልስፍና፣ ታሪክና ሳይንስ ጎን ለጎን ተሰጡ። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እምብርት ሆነ።

ዛሬ ሕጉ ግልጽ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ አማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም ማቋቋም እንደሚችሉ ይደነግጋል። ከአንድ ሰፈር የአዛን ድምፅና የቅዳሴ ደወል በሚሰማባት በድሬዳዋ የዚህን ጥቅም ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ በመንግሥት ግቢ የምንማር ስንሆን፣ ከልዩ ልዩ ቤት መጥተን በአንድ ወንበር እንቀመጣለን። ይህ ማንዴቪል የሌለው የእኛ ሀብት ነው። ነገር ግን ሃይማኖት ከክፍሉ ሲወጣ «ሰው ምንድር ነው? ለምን ይማራል?» የሚለው ጥያቄ አብሮ እንዳይወጣ ያሠጋል። የጋራ ትምህርቶቹ ያንን ጥያቄ በክፍል ውስጥ የሚያቆዩልን ናቸው።

ማን ይከፍላል?

ለኮድሪንግተን የጠየቅነውን ለራሳችንም እንጠይቅ። የቆሎ ተማሪ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከየደጁ ለምኖ ይማራል፤ ደረሳውም በመንደሩ ሰው ምጽዋት ይማራል። የሚከፍለው ሕዝቡ ነው፤ ተማሪውም ይህን በየቀኑ በአኰፋዳው ያየዋል። የእነ ማንዴቪል ተማሪ በእጁ ሥራ ይከፍላል። በአሜሪካ ያለው የቤሪያ ኮሌጅ ደግሞ ከ1892 ጀምሮ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ተማሪው ሁሉ ግን ይሠራል። እኛ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ውል ፈርመን፣ ከምረቃ በኋላ ከደመወዛችን እንድንከፍል ተደርጓል። ፊርማው በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ምናልባትም ችግሩ ይህ ነው፤ ለማኙ ተማሪ የሰጠውን ሰው ፊት ያያል፤ ሠራተኛው ተማሪ ላቡን ያያል፤ እኛ የምናየው ወረቀት ብቻ ነው። ከውሉ የሚተርፈውን ወጪ የሚሸፍነው ግን ገበሬውና የመጋላ ነጋዴ የሚከፍሉት ግብር ነው። የማናየው ባለ ዕዳ ሆነናል።

ለሻይ ቤቱ ወዳጄ

አሁን ወደ ድልድዩ እመለሳለሁ። ከዚራንና መጋላን የሚለያቸው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት ከላይ ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። በዚህ ከተማ ያደገ ሰው ይህን ሌሊት ከቤተሰቡ ሳይሰማ አልቀረም።

የውኃውን መጠንና ፍጥነት ማስላት የምሕንድስና ሥራ ነው፤ አንተም ይህን አጥርተህ ልትማር ይገባል። ነገር ግን ሰው በወንዙ ዳር ለምን ሰፈረ? ከዚያ ተነሣ ቢባል ገበያውን፣ ጎረቤቱንና ዕድሩን ትቶ ወዴት ይሄዳል? በላይ በኩል ያለው ገበሬ ተራራውን ለምን መነጠረ? ማስጠንቀቂያ ቢነገር ሰው የማንን ቃል ያምናል? በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይስ በሶማሊኛ ቢነገረው ፈጥኖ ይሰማል? ይህን በሲሚንቶ ቀመር ውስጥ አታገኘውም። ያ ጠረጴዛ ላይ የጣልከው ጥራዝና ከጎኑ ያሉት የጂኦግራፊና የታሪክ ጥራዞች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ከነዚህ ጥያቄዎች ውጭ የሠራኸው ድልድይ ይቆም ይሆናል፤ ከሥሩ የሚተኛው ሰው ግን እንደ ገና ይወሰዳል።

የማንዴቪል ሰዎች ሰፊውን ትምህርት የያዙት ለአያቶቻቸው ተከልክሎ ስለ ነበረ ነው። ለእኛ ማንም አልከለከለንም፤ በነጻ ሊባል በሚችል ዋጋ ቀርቦልናል። ያልተከለከለ ነገር ይናቃል። አንተ ወንድሜ፣ ጥራዙን ከጠረጴዛው አንሣው። ሻዩን በሚመጣው ቅዳሜ እኔ እጋብዝሃለሁ፤ ከምዕራፉ ያልተስማማህበትን ነጥብ ይዘህ ና።